አንኮበር፦ መንግሥት ጥሏት የሄደ የተራራ ከተማና ሕዝቧ

መግቢያ

የአገራችን የከተሞች ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ሲጻፍ የኖረው የቤተ መንግሥት ታሪክ ቅጥያ ሆኖ ነው። አክሱም በሐውልቶቿ፣ ጎንደር በግንቦቿ፣ አዲስ አበባ በመሥራቾቿ ስትወሳ፣ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ለግቢው እህል የፈጨችው፣ ለገበያው ጨው የጫነው ሰው ከገጹ ግርጌ እንኳ ቦታ አላገኘም። የዜና መዋዕል ጸሐፊ እንጀራው ከንጉሡ እጅ ስለ ነበረ የጻፈው ንጉሡ እንዲጻፍ የወደደውን ነው። ከእሱ ወዲህ የመጣው የታሪክ ተማሪም፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ዜና መዋዕሉን እየተከተለ ንጉሡ በሄደበት ሁሉ ሲሄድ፣ ንጉሡ ጥሎት የሄደውን ከተማ እሱም ጥሎት ሄዷል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ኋላ ከቀሩት ከተሞች አንዷን ይመለከታል። አንኮበር ከመቶ ዓመት በላይ የሸዋ ገዢዎች መናገሻ ሆና ከኖረች በኋላ መንግሥት ከላይዋ ተነሥቶ የሄደባት፣ ዛሬ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ መንግሥት ከተማን ሲፈጥር ለሕዝቡ ምን ይሰጠዋል? ጥሎት ሲሄድስ ምን ይተውለታል? የጸሐፊው እምነት አንኮበር ሁለት ሕይወት ነበራት የሚል ነው። አንደኛው ከቤተ መንግሥቱ የመጣ፣ በግብርና በግዳጅ ሥራ የቆመ ሕይወት ነው። ሁለተኛው የደጋውና የቆላው ሕዝብ ሲገናኝ፣ ሲገበያይና ሲረዳዳ የፈጠረው ሕይወት ነው። የመጀመሪያው ባለፈ ጊዜ ከተማዋን ጨርሳ ከመጥፋት ያዳናት ሁለተኛው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ስፍራውና ስሙ

አንኮበር የተቀመጠችው የሸዋ ደጋ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከኋላዋ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጡት ተራሮች ገብስና ባቄላ የሚበቅልባቸው፣ ውርጭና ጉም የማይለያቸው ናቸው። ከፊቷ ቁልቁል ሲወረድ ስንዴው በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ፣ ማሽላው በጥጥ እየተተካ ይሄድና ሜዳው ላይ የአፋር ከብት አርቢ ግመሉን ሲያሰማራ ይታያል። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ በጋቢ ተጀቡኖ ከተነሣው ገበሬ ተለይቶ፣ ሽርጥ ካገለደመው ነጋዴ ዘንድ መድረስ ይቻላል። በስተሰሜን የወፍ ዋሻ ጥንታዊ ደን አለ። በአፍ ሲወርድ የመጣው ታሪክ፣ ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚህ ደን የጥድ ፍሬ አስወስደው የመናገሻን ተራራ አስተከሉ ይላል።

ስለ ስሟ የሚነገረው አፈ ታሪክ ደግሞ «አንኮ» የምትባል የኦሮሞ ባላባት እመቤት በዚህ ስፍራ ትገዛ እንደ ነበረና ቦታው «የአንኮ በር» ተብሎ በእሷ ስም እንደ ተጠራ ይተርካል። አፈ ታሪኩ በሰነድ ባይረጋገጥም ሁለት ነገር ያስታውሰናል። አንደኛ፣ የሸዋ ገዢዎች ቦታውን የያዙት ሰው አልባ ሆኖ አግኝተውት እንዳልነበረ፣ ሁለተኛ፣ ስፍራው ከጥንት ጀምሮ «በር»፣ ማለት መግቢያና መውጫ፣ ቀረጥ የሚጣልበት ኬላ እንደ ነበረ ነው።

«ከተማ» የሚለውም ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ አነጋገር «ከተመ» ማለት ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነበር። የንጉሡ ድንኳን ያረፈበት ቦታ «ከተማ» ይባላል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ከተማነቱም አብሮ ይነቀላል። የአንኮበርን ዕድል ለመረዳት ይህን የቃሉን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል።

፪. ከላይ የመጣው ሕይወት

የሸዋ ገዢዎች ሥርወ መንግሥት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ፣ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ወረደ። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የገዙት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከእሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድና ከ1813 እስከ 1847 የገዙት ሣህለ ሥላሴ በዚያው ተቀመጡ። ማዕረጋቸውም ከመርዕድ አዝማችነት ወደ ራስነት፣ ከራስነትም ወደ ንጉሥነት አደገ። ገዢዎቹ ለምን ይህን ገደል መረጡ? አንደኛው ምክንያት ምሽግነቱ ነው፤ ፈረሰኛ ጦር ሊወጣው አይችልም። ሁለተኛው ምክንያት ከባሕር የሚመጣው የንግድና የመሣሪያ መንገድ ወደ ደጋ የሚወጣበትን በር መያዙ ነው።

የከተማዋ አቀማመጥ የኅብረተሰቡን አቀማመጥ ያሳይ ነበር። ከኮረብታው ጫፍ ላይ በአጥር ላይ አጥር የተደረበበት ግቢ፣ በግቢው ውስጥ እልፍኝ፣ አዳራሽ፣ ግምጃ ቤትና ጎተራ ነበሩ። ከእሱ ዝቅ ብሎ የመኳንንቱና የካህናቱ ቤት፣ ከዚያም በታች በኮሶና በጥድ ዛፎች መካከል የተበተኑት የሣር ጎጆዎች ይገኛሉ። እህሉ ከገባሩ ማሳ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል፤ ትእዛዙ ከግቢው ቁልቁል ይወርዳል። በአዳራሹ በተጣለ ግብር መኳንንቱና ወታደሩ በየማዕረጉ ሲበላና ሲጠጣ፣ ያ እንጀራ የተፈጨው በግቢው ውስጥ ሌሊቱን ሲፈጩ በሚያድሩ ባሮችና ገረዶች መጅ ነበር።

ይህን በተመለከተ አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ትልቅ ትምህርት ያላት ታሪክ አለች። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜጥሮስ የሚባል ከውጭ የመጣ የእጅ ባለሙያ ከአንኮበር አጠገብ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮው ፈጨ፤ ሕዝቡም ተደነቀ። ካህናቱ ግን ያለ ሰው እጅ የሚዞር ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙት፤ ወፍጮውም ሥራ ፈትቶ ቀረ። የዚህ ወሬ የደረሰን በውጭ አገር መንገደኞች ጽሑፍ ነውና የካህናቱን ድንቁርና እያጋነኑ መጻፋቸውን መዘንጋት የለብንም። ቢሆንም ጥያቄው ድንቁርና ብቻ አይደለም። እህል ለማስፈጨት ገንዘብ የማያወጣ፣ የፈጪዋ ድካም የማይሰማው ግቢ ወፍጮውን ለምን ይፈልገዋል? ፈጪዎቹ ቢጠየቁ መልሳቸው ሌላ በሆነ ነበር። የሰው ጉልበት በነጻ በሚገኝበት ኅብረተሰብ መሣሪያ አያድግም የሚለው ሐሳብ ከመጽሐፍ ገጽ ወርዶ በአንኮበር ወንዝ ዳር ይታያል።

የእጅ ባለሙያው ኑሮም እንዲሁ ነበር። በአንኮበር ዙሪያ ባለው ጫካ ውስጥ «ጠቢባን» የሚባሉ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። ማረሻውንና ጦሩን የሚሠሩት፣ ማሰሮውንና ምጣዱን የሚያቀርቡት እነሱ ሲሆኑ፣ ኅብረተሰቡ ቡዳ ናቸው እያለ ያርቃቸዋል፤ ማታ ግን በሠሩለት ምጣድ ይጋግራል። «ጥበበኛ» ለማለት የተፈጠረው ቃል «ጠይብ» ተብሎ ወደ ስድብነት መለወጡ ስለ ሥራ የነበረንን አመለካከት ከማንም ምስክር በላይ ይናገራል። ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ገደማ ባለሙያን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ መከልከላቸው የስድቡን ስፋት የሚያስረዳ ነው።

ከግቢው ሌላ ገጽታ ደግሞ ጎንቾ ነው። በአንኮበር አቅራቢያ በሚገኘው በጎንቾ አምባ የገዢው ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች፣ ሥልጣን እንዳይሻሙ፣ ታስረው ይኖሩ ነበር። የእስር ቤቱ ጠባቂ የይፋቱ አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። እኚህ ሰው በይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይገዛ የነበረውን የወላስማን ስም የሚጠሩ እስላም ባላባት ናቸው። ክርስቲያኑ ንጉሥ የገዛ ወንድሞቹን ለእስላም ባላባት አደራ መስጠቱ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ሆኖም ነገሩ ግልጽ ነው፤ አበጋዙ በሃይማኖቱ ምክንያት ዘውዱን ሊመኝ አይችልም። ሥልጣን ሲቀማመር ሃይማኖት አጥርም፣ ዋስትናም ሆኖ ያገለግላል።

፫. ከታች የመጣው ሕይወት

ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ የሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያ የከተማዋ ሁለተኛ ልብ ነበር። ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ ከወር በላይ ተጉዞ ሸቀጡን የሚያራግፈው እዚህ ነው። ግመል ገደሉን መውጣት ስለማይችል ጭነቱ ከግመል ወርዶ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወጣል። ከቆላ የአሳል ሐይቅ ጨው፣ ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ጠመንጃ ይመጣል፤ ከደጋና ከደቡብ እህል፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ማር ይወርዳል። አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ገንዘብ ሆነው ይሠሩ ነበር።

የገበያው ባለቤቶች በአብዛኛው አርጎባዎች ነበሩ። አርጎባ ከግዕዝ ዘመድ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገር፣ በገደሉ ወገብ ላይ እርከን እየሠራ የሚያርስ፣ የሚሸምንና የሚነግድ እስላም ሕዝብ ነው። ከእነሱ ጋር የሐረር ነጋዴዎችና አፋሮች በአልዩ አምባ ይኖሩ ነበር። በ1842 ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ከአንኮበር ይልቅ በአልዩ አምባ ተከራይቶ ተቀመጠና የዚያን ሰፈር ኑሮ በመጽሐፉ ጻፈ። ከቤተ መንግሥት የሚመለከት መንገደኛ ያላየውን እሱ ያየው ከገበያው መንደር ስለ ኖረ ነው።

የቡና ነገር የሁለቱን ማኅበረሰቦች ግንኙነት በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በዚያ ዘመን በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና የእስላም መጠጥ ተብሎ የተወገዘ ነበር። ክርስቲያኑ ቡና አይጠጣም፤ ቡናው ግን በአንኮበር በር ያልፋል፤ ግቢውም ቀረጡን ይቀበላል። ዛሬ በአንኮበር ቡና የማይፈላበት ቤት የለም። ሃይማኖታዊ ነው የተባለው ልዩነት ምን ያህሉ የእምነት፣ ምን ያህሉ የጊዜ ልማድ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ገበያ ግን ማስዋብ አይገባም። ከአልዩ አምባ ብዙም ሳይርቅ በአብዱል ረሱል የሰው ገበያ ይቆም ነበር። ከደቡብ አገሮች የተማረኩና የተሸጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ከንግዱ ትርፍ እስላሙ ነጋዴም፣ ክርስቲያኑ ገዢም ተካፍለዋል። የደጋውንና የቆላውን ሕዝብ ያገናኘው በር ለሌሎች ወገኖቻችን የማይመለሱበት በር ሆኖባቸዋል። ስለ አንኮበር የሚጻፍ ታሪክ ሁሉ ይህን ካልተናገረ ግማሽ ታሪክ ነው።

የውጭ ኃይሎችን ወደ አንኮበር የሳበውም ይኸው በር ነው። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1839 ደረሰ። በ1841 ከሕንድ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ መድፍና ጠመንጃ በገጸ በረከት ይዞ መጥቶ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በተመሳሳይ ውል ተዋዋለ። ንጉሡ ከሁሉም የፈለጉት መሣሪያ፣ እነሱም ከንጉሡ የፈለጉት መንገድና ገበያ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት በአገራችን ላይ ያደረባቸው ፍላጎት ከዓድዋ ግማሽ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በዚህች የተራራ ከተማ ሲንቀሳቀስ እናየዋለን።

፬. መንግሥት ሲሄድ

በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወርሩ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዘመቻው ወራት ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ አንኮበርም እንደገና የመናገሻነት ክብሯን አገኘች። በ1876 የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኪስ አንቲኖሪ መሪነት መጡና በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለው ቦታ ተሰጣቸው። አንቲኖሪ በ1882 በዚያው ሞተ። በ1883 ምኒልክና የኢጣሊያው ተወካይ አንቶኔሊ በአንኮበር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሳይንሳዊ ጣቢያ ተብሎ የተጀመረው ነገር እየዋለ እያደረ የቅኝ ገዢ ፖለቲካ መሸጋገሪያ ሆነ፤ መጨረሻውም በ1889 የውጫሌ ውል፣ በ1896 ዓድዋ ነው።

ነገር ግን የምኒልክ ዓይን ወደ ደቡብ ዞሮ ነበር። ጦራቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በዘመተ ቁጥር ሀብቱም ከዚያው በኩል ይመጣ ጀመር፤ በገደል አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበርም ዳር ሆና ቀረች። መቀመጫው ወደ እንጦጦ፣ ከ1886 ጀምሮም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በ1887 ሐረር ስትያዝ ወደ ባሕር የሚወስድ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ያኔ መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ፣ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ሸቀጡን ይዞ እስከ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት። የአንኮበር ዘመን ማለፉን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአልዩ አምባ የሲራራ ንግድ ዘመን አበቃ።

መንግሥት አንኮበርን ጨርሶ አልረሳትም፤ የሚያስታውሳት ግን ለእስር ነበር። የዓፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ከ1899 ጀምሮ በአንኮበር በግዞት ቆይተው በ1906 በዚያው አረፉ። በ1916 አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ሲዋጉ ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ በኩል አንኮበር ደርሰው ነበር፤ ሽንፈቱ ሲሰማ ግን ያም ተስፋ አለፈ። በ1935 አገራችንን የወረረው ኢጣሊያ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠራ በደብረ ብርሃን አሳልፎ፣ የጣርማ በርን ተራራ በስቶ በደብረ ሲና አወረደው። ከዚያ በኋላ ደጋውን ከቆላው የሚያገናኘው ዋናው በር ጣርማ በር ሆነ። አንኮበር ስሟ «በር» ሆኖ ቀረ፤ በሩ ግን ሌላ ቦታ ተከፈተ።

እንግዲህ የከተማዋ መውደቅ የተፈጥሮ ሥራ ወይም የሕዝቡ ስንፍና አልነበረም። በሌላ ቦታ የተወሰኑ ሦስት ውሳኔዎች፣ ማለት የመናገሻው መዛወር፣ የባቡሩ ሐዲድና የጣርማ በር መንገድ፣ ዕድሏን ወሰኑት። በአንዱም ላይ የአንኮበር ሕዝብ አልተጠየቀም።

፭. የቀረው ሕዝብ

ድንኳኑ ሲነቀል ከተማውም ይነቀላል ብለናል። አንኮበር ግን አልተነቀለችም። ለምን?

መልሱ ቤተ መንግሥት ያልፈጠራቸው፣ ስለዚህም ሲሄድ ይዟቸው ያልሄደ ድርጅቶች በመኖራቸው ነው። በሸዋ ደጋ ገበሬው በአዝመራ ጊዜ በደቦ ይሰበሰባል፤ በሬና ጉልበት በወንፈል ይበዳደራል። በየአጥቢያው በሰንበቴ ምእመናን በየተራ ዳቦና ጠላ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገናኛሉ፤ ድሀውም ከዚያ ይቋደሳል። በየወሩ በጻድቃንና በመላእክት ስም የሚጠጣው ማኅበር ጸሎት ብቻ አይደለም፤ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት ሸንጎ ነው። በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም አድባራት የአብነት ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ዳዊት ይደግማል፤ ቁራሹን የሚሰጠው ከጎተራው የተረፈው ባለጸጋ ሳይሆን በአብዛኛው ለልጆቿ የጋገረችው እናት ናት።

ከእስላም ጎረቤቶች ጋር ያለው ግንኙነትም እንዲሁ በሕዝቡ ልማድ የቆመ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለእስላም እንግዶቹ በግ ለይቶ በእስላም እጅ ያሳርዳል፤ እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። በድንበርና በግጦሽ የተነሣ ጠብ ሲኖር የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ዘመናት ሲያልፉ በአልዩ አምባ አካባቢ የአርጎባ ቋንቋ በአማርኛ እየተተካ ሄዷል። ይህን አንዳንዱ የአንድነት ምልክት አድርጎ ሲያየው፣ ሌላው የአንድ ጥንታዊ ቋንቋ መጥፋት አድርጎ ያዝንበታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አብሮ መኖር ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያነሰው ወገን ነው።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ይህ ከታች የተሠራ ድርና ማግ ምን ያህል ጠንካራ እንደ ነበረ ታየ። ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሲወድቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሲሰደዱ፣ የአንኮበር፣ የቡልጋ፣ የተጉለትና የመንዝ ገደሎች የአርበኞች መጠጊያ ሆኑ። ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ በ1938 እስኪወድቁ፣ ራስ አበበ አረጋይ እስከ 1941 ነፃነት ድረስ በሸዋ ተዋግተዋል። የአርበኞቹ አለቆች ስም በታሪክ ተጽፏል። ስንቅ ያቀበለችው፣ ቁስለኛ የደበቀችው፣ በዚህም ምክንያት ቤቷ የተቃጠለባት ሴት ግን ስም የላትም። በ1939 በመንዝ በዘረት ዋሻ ያለቁት ብዙዎቹ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ቤተሰቦች መሆናቸው የትግሉን እውነተኛ ባለቤት ያሳያል።

ከነፃነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ አገር የሰጠው ከግብር ሰብሳቢና ከዳኛ ብዙም አላለፈም። የተማሪው እንቅስቃሴ በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲነሣ ያነሣው ጥያቄ ይህንኑ ነበር። በመጋቢት 1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልተኛውንና ባላባቱን ሻረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የመጀመሪያው ለዘመናት የተጠበቀ ፍትሕ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተብለው የተቋቋሙት ድርጅቶች ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርባቸው ከመሆን ይልቅ ብዙም ሳይቆዩ ኮታ መሰብሰቢያና ለጦርነት መመልመያ ሆኑ። ትእዛዙ እንደገና ከኮረብታው ቁልቁል ወረደ፤ ኮረብታው ብቻ ተለወጠ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመንግሥት ውጭ የቆመው እድር ነው። እድር በ20ኛው መቶ ዓመት በከተሞች የተስፋፋ ድርጅት ሲሆን በትንንሾቹም ከተሞች ሥር ሰዷል። ሕጉ አጭር ነው፦ በየወሩ መዋጮ፣ ሞት ሲመጣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሬሳ ተሸካሚና አስተዛዛኝ። ዳኛው ከአባላቱ ይመረጣል፤ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል። ያጠፋ ይቀጣል፤ የታመነ ይመሰገናል። ስለ ሕዝባዊ አስተዳደር በየመጽሐፉ የምንፈልገው ነገር፣ ፍጹም ባይሆንም፣ በዚህ ውስጥ በተግባር ይገኛል። በስደት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በፖለቲካ ሲከፋፈሉም እንኳ፣ አብረው ያቆዩት ድርጅት እድር መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

፮. መደምደሚያ

በቅርብ ዓመታት ፍርስራሹ ብቻ ቀርቶ በነበረው የቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የቱሪስት ማረፊያ ተሠርቷል። የውጭ አገር ሰዎች ጭላዳ ዝንጀሮና በ1979 በሳይንስ የተመዘገበችውን፣ ስሟንም ከአንኮበር ያገኘችውን ትንሽ ወፍ ለማየት ይመጡ ነበር። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት መውረዱና በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ እንዲህ ያለው ገቢ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቋረጥ አሳይተዋል። የኮረብታው መታደስ መልካም ነው። ግን የሚታደሰው ታሪክ የማን ነው? እልፍኙ ቢመለስ ፈጪዎቹ የት ይታወሳሉ? ጠቢባኑስ? በአብዱል ረሱል የተሸጡትስ?

ከአንኮበር ታሪክ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ በሥልጣን ብቻ የተሠራ ከተማ ሥልጣኑ ሲዛወር ይወድቃል፤ በሕዝቡ ልውውጥ የተሠራው ግን ቢደኸይም ይቆያል። ሁለተኛ፣ በር ለሁሉም እኩል አይከፈትም፤ ለአንዱ ገበያ የሆነው ለሌላው የባርነት መንገድ ነበር፤ ታሪካችንን ስንጽፍ ሁለቱንም አንድ ላይ መጻፍ አለብን። ሦስተኛ፣ የደጋውና የቆላው፣ የክርስቲያኑና የእስላሙ ሕዝብ ትስስር ከአዋጅ የመጣ ስላልሆነ አዋጅ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። ዛሬ በየስፍራው ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለያይ ቅስቀሳ ሲበዛ፣ የሚጠፋው ነገር በመቶ ዓመታት የተሠራ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በውጭ አገር የምንኖር ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የሃሪስ፣ የክራፕፍና የጆንስተን መጻሕፍት እኛ በምንማርባቸው ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የአንኮበር ልጅ ግን ስለ ገዛ ከተማው የተጻፈውን በገዛ ቋንቋው ማንበብ አልቻለም። ጸሐፊዎቹ የመጡት ለመንግሥታቸውና ለሚስዮናቸው ጉዳይ መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ጽሑፋቸውን መተርጎምና ከሽማግሌዎች ቃል ጋር ማመሳከር ከአቅማችን በላይ አይደለም። ሰነዱ ይቆያል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አይቆዩም። በየቤታችን ስልክ ስንደውል «ደኅና ናችሁ?» ከማለት አልፈን አያቶቻችንን «ያኔ እህሉን ማን ይፈጨው ነበር? ጨውስ ከማን ትገዙ ነበር? ጠብ ሲነሣ ማን ያስታርቅ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንጻፍ። ንጉሡ ጥሎት የሄደውን ከተማ ታሪክ ጸሐፊውም ጥሎት እንዳይሄድ የሚደረገው በዚህ መንገድ ነው።